አሮጌው ላፕቶፕና አንባቢዬ

ጥቅምት ፬

ለወንድሜ ልጅ፣

ባለህበት ሁሉ ጤናና ሰላም አይለዩህ። እኔ ከጉልበቴና ከጎረቤቴ ሬዲዮ በስተቀር ደህና ነኝ።

በሰው እጅ የላክህልኝ አዲሱ ላፕቶፕ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። በስልኬ የላክህልኝ መልእክትም ደርሶኛል። መልእክቱ ግን ቀን የለውም፤ ሰላምታ የለውም፤ በፊርማ ቦታ የምትስቅ ቢጫ ፊት ተቀምጣበታለች። «አሮጌውን እንዳይጥሉት፤ ሁለተኛ ስክሪን ያድርጉት» ይላል። እንዴት እንደሚደረግ አይልም። እኔ ይህን በኢሜይል የምልክልህ ስለምቸኩል ነው። ቢሆንም ደብዳቤ ደብዳቤ ነውና በወጉ መልስልኝ። ደውዬ ላስረዳዎት እንዳትል። በስልክ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይነበብም።

የምቸኩልበትን ምክንያት ልንገርህ። ከማተሚያ ቤቱ በጡረታ ከወጣሁ በኋላም የእርማት ሥራ ቤቴ ድረስ እንደሚልኩልኝ ታውቃለህ። አሁን በእጄ ያለው ነርሶች በኪሳቸው የሚይዙት የመድኃኒት መጠን መመሪያ ነው። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ሕመምተኛ ምን ያህል እንደሚሰጥ ይናገራል። በልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትወድቅ የሚያለቅሰው ደራሲው ነው። እዚህ ግን የሚያለቅሰው ሌላ ሰው ነው።

እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ መመሪያውን የጻፈውን ሐኪም ረቂቅ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሌላዋ ለኅትመት የተለቀመውን ገጽ በዓይኗ እየተከተለች ታርማለች። አንባቢዬን አትረሳትም። ልጅ ሳለህ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከምግብ በኋላ፣ አራት ነጥብ» ስትል ጸሎት የምታደርስ ይመስልህ ነበር። እሷ አሁን ትታኝ ሄዳለች። ሰሞኑን ረቂቁ ላይ የሌለ ነገር ማንበብ ጀምራ ነበር። ስምንቱን ስድስት ትላለች፤ አንዳንዱን መስመር እንዳለ ትዘለዋለች። ቢቸግረኝ «የምታነቢው ረቂቁን ነው ወይስ ትዝታሽን?» አልኳት። የጠየቅኋት ጥያቄ ነበር። እሷ ግን በመልስ ፋንታ ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ መመሪያው እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልደረሰለት የእርማቱን ሥራ ለኮምፒውተር ፕሮግራም እንደሚሰጥ ነግሮኛል። ይህን ብቻ ሳይሆን ከእንግዲህ የሚመጣውንም። ያኔ ይህ ጠረጴዛ የምሳ መብያ ብቻ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ ረቂቁንና የተለቀመውን ጎን ለጎን የማይበት ሁለተኛ ስክሪን ያስፈልገኛል። አንባቢ አያስፈልገኝም። አሠራሩን በቅደም ተከተል ጻፍልኝ። መቼ እንደምትመጣና ብቻህን መብላትህን መቼ እንደምትተው መግለጽም አትርሳ።

አክስትህ


ጥቅምት ፱

ለተከበሩት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ? የጎረቤትዎ ሬዲዮስ? ይኸው ቀን ጽፌያለሁ፤ ሰላምታም አቅርቤያለሁ። ቢጫዋን ፊት አባርሬያታለሁ።

እኛ ልጆች «እትዬ ነጠላ ሰረዝ» እንላቸው የነበሩት መሄዳቸውን ስሰማ ደነገጥኩ። እርስዎንና እሳቸውን ለየብቻ አይቼ አላውቅም እኮ! አስታራቂ ልላክ ወይ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይገባል?

የስክሪኑን ነገር ምንም አያስቡ። እንጀራዬ ነው። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከፎቅ ፎቅ እየሮጥኩ ሐኪሞችን «ሰክተውታል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አልሰኩትም። ስሰካላቸው እንደ ጠንቋይ ያዩኛል።

የእርስዎም ቀላል ነው። ሁለቱን ላፕቶፖች ያገናኟቸው። ከዚያ አዲሱ አሮጌውን እንደ ራሱ ስክሪን ይቆጥረዋል፤ ረቂቁን ወደዚያ ጎትተው ያስቀምጡታል፤ በቃ።

ስለ መምጣቴ በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት ፲፭

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናህ እንዲበዛ፣ ትኩረትህም እንዲጨምር እመኛለሁ።

«ያገናኟቸው» ብለህ ጽፈሃል። በምን እንደሚገናኙ አልጻፍክም። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ሄጄ ሁለት ኮምፒውተር የሚያገናኝ ገመድ ጠየቅሁ። ሻጩ አንድ ወፍራም ጥቁር ገመድ አውጥቶ «እናቴ፣ ይኼ ሁለቱም ጫፉ አንድ ነው፤ የትኛውም የትም ይገባል፤ መሳሳት ቢፈልጉም አይችሉም» አለኝ።

ቻልኩ። አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ሰካሁ። ምንም። ጫፎቹን አቀያየርኩ። ምንም። ሁለቱም ላፕቶፖች የየራሳቸውን ፊት እያሳዩ እንደ ባላንጣ ተያዩ። ተመልሼ ለሻጩ ብነግረው «ተኳርፈው ይሆናላ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በእኔ ቤት ኩርፊያ ለጊዜው በቂ ነው።

ሥራው ቆሟል። በአንድ ስክሪን ረቂቁን ገልጬ፣ መስመሩን በቃሌ ይዤ፣ ዘግቼ፣ የተለቀመውን እገልጣለሁ። እስክገልጥ ድረስ የያዝኩት ይጠፋኛል።

«በሌላ ጊዜ» የሚባል ቀን በቀን መቁጠሪያዬ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

አክስትህ


ጥቅምት ፲፯

ለተከበሩት አክስቴ፣

ከእግርዎ ስር ወድቄ ሰላም እላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሻጩም ትንሽ ድርሻ ይውሰድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፕ በዚያ ቀዳዳ ምስል ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ አያስገባም። ሁለቱን በዚያ ገመድ ሲያገናኙ ሁለቱም ይናገራሉ፤ የሚሰማ የለም። ገመዱን ይመልሱለት፤ እምቢ ካለ ልብስ ያስጡበት።

የእርስዎ መንገድ ያለ ገመድ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱም ላፕቶፖች የቤትዎን ዋይፋይ መያዛቸውን ያረጋግጡ። ከዚያ አሮጌው ላይ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው «ወደዚህ ኮምፒውተር ማሳየት» የሚለውን ይፈልጉና ፍቀድ ይበሉት። ይህ ማለት አሮጌው ጆሮውን ከፈተ ማለት ነው። ቀጥሎ አዲሱ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኬ ፊደል ጋር አብረው ይጫኑ። በአቅራቢያው ያሉ ስክሪኖች ስም ይመጣል፤ የአሮጌውን ይምረጡ። በመጨረሻ የመስኮቱን ቁልፍ ከፒ ፊደል ጋር ይጫኑና ከሚመጡት አራት ምርጫዎች ተገቢውን ይምረጡ።

እትዬ ነጠላ ሰረዝ መነጽራቸውን ከቀየሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው? እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት ፳፩

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዛሬ ረጅም ሰላምታ የማቀርብበት አቅም የለኝም።

ሁሉንም እንደጻፍከው አደረግሁ። በዝርዝሩ ላይ «አትንኩኝ» የሚል ስም መጣ። አሮጌው ላፕቶፕ ያንተ በነበረ ጊዜ ያወጣህለት ስም መሆኑ ነው። ከአንድ ዕቃ ጋር እንዲህ ስነጋገር የመጀመሪያዬ ነው። ነካሁት።

ከዚያ አራቱ ምርጫዎች መጡ። «ተገቢውን ይምረጡ» ብለሃል። ማንኛውም ሰው ተገቢውን የሚያውቅ ቢሆን መመሪያ የሚባል ነገር አይታተምም ነበር። «ሁለተኛው ስክሪን ብቻ» የሚል አየሁ። የምፈልገው ሁለተኛ ስክሪን ብቻ ነው ብዬ መረጥኩት። አዲሱ ላፕቶፕ ወዲያው ጨለመ። ገና ያልለመድኩትን ዕቃ በገዛ እጄ የገደልኩት መስሎኝ ክዳኑን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

ካረፍኩ በኋላ ከፍቼ «ድገም» የሚለውን መረጥኩ። አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት ገጽ ያሳያሉ። በቀደም አንድ ቦታ ላይ የነበረውን ስህተት ዛሬ ሁለት ቦታ ላይ አየሁት።

አንባቢዬ መነጽር አላት። ሁልጊዜም ነበራት። ከስክሪኑ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም።

አክስትህ


ጥቅምት ፳፪

ለተከበሩት አክስቴ፣

ላፕቶፑ አልሞተም! የሚመርጡት «አስፋ» የሚለውን ነው። ይቅር ይበሉኝ፤ ዋናውን ነገር ዘልዬ ዳር ዳሩን የምጽፍ ሰው ነኝ።

ካሰፉት በኋላ ሁለቱ ስክሪኖች እንደ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ይሆናሉ፤ የማውሷ ቀስትም ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራለች። አቀማመጡ እንዲገባዎ የራሴን ጠረጴዛ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት ፳፮

ለወንድሜ ልጅ፣

እንኳን ደስ አለህ፤ ተሳክቷል። ደህና እንደምትሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ ቀስቷ ጠፍታብኝ ነበር። በቀኝ ዳር ወጥታ ሄደች። አሮጌውን ላፕቶፕ ያስቀመጥኩት በግራዬ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በቀኜ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ወደ ግራ ለመሄድ በቀኝ እወጣለሁ። ለምጄዋለሁ። በማተሚያ ቤቱም አለቃዬን ለማግኘት በጓሮ በር ነበር የምገባው።

አሁን ረቂቁ በአሮጌው፣ የተለቀመው በአዲሱ ላይ ተቀምጠው ጎን ለጎን አያቸዋለሁ። ሥራው ይሮጣል። የሚያስል የለም፤ ሻይ የሚጠይቅ የለም፤ መስኮት ዝጊ፣ መስኮት ክፈቺ የሚል የለም። አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ሰው መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። እንድታየው የጠረጴዛዬን ፎቶ ልኬልሃለሁ። ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ከማንም ጋር አልቀያየምም ነበር።

ወዳንተ ፎቶ ስመለስ፣ አርሜዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ አለ። የአንደኛው አፉ ላይ የከንፈር ቀለም አለ። በሁለተኛው ላፕቶፕ ክዳን ላይ የፀጉር ማስያዣ ተሰክቷል። ወንበሩ ጀርባ ላይ የተንጠለጠለው ሹራብ ያንተን አንድ ክንድ አያስገባም። ከንፈርህን መቀባት ካልጀመርክ በቀር ከጽሑፍህ የተዘለለ አንቀጽ አለ። ተሟልቶ ይቅረብልኝ።

አክስትህ


ኅዳር ፭

ለተከበሩት አክስቴ፣

ጤናዎን አጥብቄ እመኛለሁ። መልሴ የዘገየው ስለ ሥራ ብዛት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ያርሙታል። ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ጀምሬ ተውኩት።

አክስቴ፣ የላኩልኝን ፎቶ አየሁት። እኔ ያየሁት ሁለቱን ላፕቶፖች ብቻ ነው፤ ኮራሁብዎትም። ነገር ግን ከእኔ ጋር ሌላ ሰው አይቶታል። የዚያ ኩባያ ባለቤት ናት። የምሠራበት ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ናት። ልነግርዎት ነበር፤ በየደብዳቤው ልነግርዎት ነበር።

ፎቶውን ያሰፋችው የቤትዎን መጋረጃ ቀለም ለማየት ነበር። መጋረጃውን ትታ ስክሪኖቹን አቀረበች። ከዚያ «ይኼ የሕፃናት ነው?» አለችኝ። «ምኑ?» አልኳት። በጣቷ አሳየችኝ። በግራ በኩል፣ ረቂቁ ላይ 0.5 ሚሊ ሊትር ይላል። በቀኝ በኩል፣ የተለቀመው ላይ 5 ሚሊ ሊትር ይላል። ገጹ ግርጌ የእርስዎ ምልክት አለ፤ «ታርሟል» ይላል።

«ምናልባት ገና ሳይጨርሱት ያነሱት ይሆናል» አልኳት። እሷ ጣቷን ወደ ምልክቱ አወረደች። እርስዎ ሳይጨርሱ «ታርሟል» ብለው እንደማይጽፉ እኔም አውቃለሁ።

አክስቴ፣ ቢተዉትስ? ሥራ አስኪያጁ ለፕሮግራሙ ይስጠው። በቂ ደክመዋል፤ ማንም አይቀየምዎትም። እባክዎ አይቀየሙኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር ፯

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ገጹን ገልጬ አየሁት። ልጅቷ ትክክል ናት።

ሰላምታ አልጻፍኩም፤ አውቄ ነው።

አክስትህ


ኅዳር ፲፪

ለተከበሩት አክስቴ፣

ደህና ነዎት ወይ? ስልክ አያነሱም፤ ኢሜይል አይመልሱም። እኔ ነገሩን የነገርኩዎት ልጎዳዎት ብዬ አይደለም። እሷም «ያሳየሁበትን እጄን በቆረጠው» እያለች ነው። ቁጣም ቢሆን ይጻፉልን። ቀን ባይኖረውም ግድ የለም። ቢጫዋን ፊትም ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር ፲፰

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንተና ለኩባያዋ ባለቤት ይሁን። እጇን እንዳትቆርጥ ንገራት፤ በዚያ እጅ የሚጠቀሙ ሕሙማን አሉ።

ዝም ያልኩት ስለሠራሁ ነው። ያረምኳቸውን ገጾች ከመጀመሪያው አንስቼ እንደገና ተመለከትኩ። ሌሎች የወደቁ አገኘሁ። ምን እንደሚሆን ደርሼበታለሁ። ዓይን ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲሻገር የሚጠብቀውን ይዞ ይሻገራል። ረቂቁ ላይ ግማሽ ካየሁ፣ የተለቀመውም ላይ ግማሽ አያለሁ፤ ባይኖርም። እኔም ትዝታዬን እያነበብኩ ነበር ማለት ነው። ጆሮ ግን እንዲህ አያታልልም። «ዜሮ ነጥብ አምስት» ተብሎ ሲነገር ዜሮዋን ፍለጋ ዓይን ይበረግጋል።

ልተወው አልሻም። ስለዚህ አንባቢዬ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ሳይሆን ስለ ስክሪኑ ልነግራት ነበር የሄድኩት።

በሩን ከፈተችና ቆመች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ሁለተኛ ስክሪን አለኝ» አልኳት።

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«መጥተሽ እዪው።»

«ሥራ ላይ ነኝ። ትዝታዬን እያነበብኩ ነው።»

አልተቀየመችም ብለው የነገሩኝ ጎረቤቶቿ ሁሉ ዋሽተውኛል። ሆኖም በሩን አልዘጋችብኝም። ገብቼ ቁጭ አልኩ። ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው፤ ፊቷ ግን ወደ እኔ ነው። ጠጠሩን ስታወጣ አንዴም ዝቅ ብላ አላየችም። በጣቷ ብቻ ነው የምትለቅመው። ጣቷ ምስሩ ላይ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ያነሳል፤ ይጥላል። መነጽሯ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አቧራ ለብሷል።

ያኔ ገባኝ። አንተ ስለ መነጽሯ የጠየቅኸኝም ያኔ ገባኝ። ቀድሞ ሊገባው ይገባ የነበረው ሰው ደግሞ ከማዶዋ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «የዚህ ሐኪም ረቂቅ ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ ለእኔም አልታይ ብሎኛል» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ጠጠር ፈለገች።

«ሲጀመርም ደቃቃ ነበር» አለች።

«ነበር» አልኩ።

«ለምን አላልሽም?»

«አሁን አልኩ።»

ጃንጥላዋን አነሳች። በዚህ ጊዜ የተነሳው ጃንጥላ ወደ እኔ ቤት ለመምጣት ነው።

እዚህ ላይ አንተ እንደ ባለሙያ እንዳትቆጣ። አሮጌው ላፕቶፕ አሁን በጎኔ አይደለም። አንስቼ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጬዋለሁ፤ ጀርባው ወደ እኔ፣ ፊቱ ወደ እሷ ነው። ረቂቁን ወደዚያ አሻገርኩላት። አንገቴን ወደ ማዶ አስግጌ፣ ሳላውቅ ጥግ ያለ አንድ ቁልፍ ተጭኜ የማውሱን ጎማ ሳዞር ፊደሉ አደገ። እንደገና አዞርኩት፤ እንደገና አደገ። አንድ መስመር ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላው አሳደግሁት። «አሁን ይታይሻል?» አላልኳትም። «ጀምሪ» አልኳት።

ጀመረች። «ለሕፃናት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አራት ነጥብ።» ድምፅዋ አላረጀም።

ችግሩ ስክሪኗን እኔ ከቦታዬ አለማየቴ ነው። ገጹን የማወርድላት በጭፍን ነው። «ውረጂ! ውረጂ! ኧረ አለፍሽ! ውጪ! ቁሚ!» ትለኛለች፤ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ። ቀስቷ ስትጠፋብኝ «እኔ ጋ መጥታለች፣ ከጥጉ ቆማ ታፍራለች» ትለኛለች። «ወደ ግራ አምጫት» ስትል የእሷ ግራ የእኔ ቀኝ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ አለው። በዚህ እንጣላለን። ግን በሌላ አንጣላም።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረናል። ኅዳር እያለቀ ነው።

አክስትህ


ኅዳር ፳፩

ለተከበሩት አክስቴ፣

ለእርስዎም ለእትዬ ነጠላ ሰረዝም እጅ እነሳለሁ። ደብዳቤዎን ለኩባያዋ ባለቤት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ቁሚ!» የሚለው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ሥራ አርፍደን ነበር።

ሁለተኛ ስክሪን ለባለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሠራ ያየሁት ወይም የሰማሁት የለም። ለአለቃዬ ብነግረው «ያ እኮ አሠራሩ አይደለም» አለኝ። «ሂድና ንገራቸው» አልኩት። የቀስቷን ነገር ላስተካክልልዎት፤ ማስተካከያው ውስጥ የሁለቱ ስክሪኖች ሥዕል አለ፤ ቁጥር ሁለትን ይዘው ከቁጥር አንድ በላይ ያስቀምጡት። ያኔ ቀስቷ በላይ ወጥታ ወደ እሳቸው ትሻገራለች፤ ግራና ቀኝ የሚያጣላችሁ አይኖርም።

እሷ ሰላም ብላችኋለች። የተጠራጠራችሁት መጠን ካለ ጠይቁኝ ብላለች። ስለ መምጣታችንም ተነጋግረናል። ልብ ይበሉ፣ «መምጣታችን» ነው ያልኩት።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ ፯

ለወንድሜ ልጅና ለአብሮ ኗሪው... ይህን እንዴት እንደምጽፈው ገና አልወሰንኩም። ለሁለታችሁም፣

ጤና፣ ፍቅርና ጥሩ ብርሃን ያለው ቤት ይስጣችሁ።

መመሪያው በቀኑ ደርሷል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሊወስደው መጣ። ሁለት አሮጊቶች ላፕቶፕ ጀርባ ለጀርባ ገትረው ሲጯጯሁ ሲያይ ጨዋታ ላይ ያለን መስሎት በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ሁለተኛ ስክሪን እኮ የሚቀመጠው ጎን ለጎን ነው» አለኝ።

አንባቢዬ ቀድማኝ መለሰችለት። «አንተ ከሚስትህ ጋር ስታወራ ጎን ለጎን ነው የምትቀመጠው?»

አሰበበት። «እሷማ ቴሌቪዥን ነው የምታየው» አለ።

«በል እንግዲህ» አለችው።

ገጾቹን ወስዶ ለሐኪሙ ሰጠው፤ ያንኑም ለፕሮግራሙ አሳይቶታል። ሐኪሙ ሁሉንም ተመልክቶ አንድም የወደቀ እንዳላገኘ ነግሮኛል፤ ትንሽ ቅር ያለው ይመስላል። ፕሮግራሙ ግን አንድ ነገር አግኝቷል፤ የሐኪሙ ስም ተሳስቷል ብሎ በቀይ አስምሮበታል። ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ አዲስ ረቂቅ ላከልን። ስለ ግንባታ ነው፤ የሚበዛው ሲሚንቶ ነው። ረቂቁን ሲልክ «ለሁለታችሁ» ብሎ ጽፎበታል።

ቁጥር ሁለትን ከቁጥር አንድ በላይ አድርጌዋለሁ። ቀስቷ አሁን በላይ ትሄዳለች። አንባቢዬ «ከሰማይ መጣችልኝ» ትላለች።

ልጅቷን ይዘሃት ና። ሳሎኑን አስጠርጌያለሁ። መጋረጃውን ልትነካው ትችላለች። ለእሷ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፤ ግን ስለ መድኃኒት ነው፤ አትፍራ። ለአንተ ያለኝን ጥያቄ ደግሞ እሷ ባለችበት እጠይቅሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ወደ ማዶው ስክሪን አሻግሬው አንባቢዬ እያነበበችልኝ ነው፤ ከነሰረዙ ከነነጥቡ። ስለ ጩኸታችን የጻፍኩት ጋ ስትደርስ «አሮጊቶች» የሚለውን ትንሽ አጉረምርማ አለፈችው።

እዚህ ቦታ ላይ ስለ እሷ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ። ስትደርስበት ድምፅዋ ቆመ።  ፊደሉ የአንድ ሕፃን ቡጢ ያህላል።

«ይቺ መስመር ፊደሏ አነሰብኝ» አለች።

«እንግዲያው ለማንም አትታይም ማለት ነው» ብዬ መስመሯን ሰረዝኳት።

ቀጥላ አነበበች።

አክስትህ